ከመፋቂያ ጋር የመጣች የእሳት እራት

ለእረፍት አገሬ ሄጄ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ደማም ስመለስ ወንድሜ አንድ እቅፍ የወይራ መፋቂያ ቆርጦ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተልኝ። እዚህም መፋቂያ ሞልቷል፤ በየመስጊዱ በር ሲዋክ ይሸጣል። ግን አፍ የለመደውን ይፈልጋል፣ የወይራ ምሬት ሌላ ነው። ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ፈታሹ ፌስታሉን ከፍቶ አንዱን እንጨት አሸተተና «ሲዋክ?» አለኝ። «አይዋ» አልኩት። መልሶ ዘጋው። ቅጠሉ በወጉ ሳይራገፍ፣ ቅርፊቱ ሳይላጥ ነበር የመጣው፤ እኔም ቤት ስገባ አልዘረገፍኩትም። አልጋዬ ሥር ገፋ አድርጌው አንዳንድ እየሳብኩ ስፍቅ ሙቀቱ ገባ። አገር ቤት ክረምት የሆነው ወር እዚህ እሳት ነው፤ ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ደግሞ ደረቅ እሳት አይደለም፣ በር ሲከፈት እንፋሎት ፊት ላይ ይለጠፋል።

የምሠራበት ቤት አል ጀለዊያ የሚባለው ሰፈር ነው። ካፊሌ፣ ያስመጣኝ አሠሪዬ፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ወደብ ይሠራል፣ ቤት ውስጥ ድምፁ የሚሰማው ስልክ ሲያወራ ብቻ ነው። ሚስቱን እንደ ሁሉም ማዳም እላታለሁ። አስተማሪ ናት፤ ቁጡ ናት እንጂ ክፉ አይደለችም፣ ለኢድ ከልጆቿ እኩል ታለብሰኛለች። የካፊሌ እናትም አብራቸው ትኖራለች። እግሯ አይታዘዛትም፤ በተሽከርካሪ ጋሪ ነው የምትሄድ። እሷን ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ መስጠት የእኔ ድርሻ ነው። እኔ «ኡሚ» እላታለሁ፣ እሷ «ያ ቢንቲ» ትለኛለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። የራሴ ልጅ ደሴ ነርስነት ትማራለች፣ የመጨረሻው ዓመት ቀርቷታል። ያ ዓመት እስኪያልቅ ሥራዬን ይዤ መቆየት ነበር ሐሳቤ፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ የማዳም ትንሿ ልጅ ክፍሌ ገብታ ስትጫወት ፌስታሉን አገኘችው። አንድ እንጨት መዝዛ ወጣች። እንጨቱ ላይ ጸጉራም ነገር ተጣብቋል፣ እሱን ጉንጯ ላይ እያሻሸች «ቀጥዋ፣ ቀጥዋ» ትላለች። ድመት ማለቷ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጉንጯ ቀላ፣ ቀጥሎ አበጠ፣ ቀጥሎ ለቅሶ ሆነ። ፋርማሲ ተልኮ ቅባት መጣ። ማዳም እንጨቱን በሶፍት ይዛ ወጥ ቤት ገባችና ፊቴ ላይ አቆመችው።

አውራ ጣት የሚያህል፣ እንደ ተምር ሞላላ፣ አመድማ ነገር ነው። ከእንጨቱ ጋር በክር ታስሯል። ላዩ ላይ አጫጭር ጥቁር ጸጉር ተሰክቶበታል፤ አሰካኩም እንዲያው የመጣ አይመስልም፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሸመነው ይመስላል። በዚህ አገር ሠራተኛ ክፍል ውስጥ ጸጉር የተጠቀለለበት ነገር ተገኘ ማለት ምን እንደሆነ ሰው ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል። ሲሕር ይሉታል፤ እኛ መተት የምንለው ነው። ነገሩ ፖሊስ ድረስ ይሄዳል።

«ይህ ምንድነው?»

«አላውቅም፣ ማዳም።»

«ክፍልሽ ውስጥ ነው የነበረው።»

«ወላሂ አላውቅም።»

እውነቴን ነበር። እንዲያውም እኔም ፈራሁ። እኛም ዘንድ እኮ ከመኝታ ሥር እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ደግ አይታሰብም። ሳህን እያጠብኩ በልቤ ዘመድ መቁጠር ጀመርኩ፤ ማን ከተተብኝ? ሻንጣዬን ስዘጋ የወንድሜ ሚስት አጠገቤ ነበረች፤ አምና ደግሞ በሆነ ነገር ተኮራርፈን ነበር። ማዳም ሳሎን ሆና እኔን ትጠረጥራለች፣ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ምስኪኗን የወንድሜን ሚስት እጠረጥራለሁ።

ሥራ ስጨርስ ፎቶውን ላክሁና ለወንድሜ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው እየሳቀ ነው።

«እታለም፣ ለዚህ ነው እንዲህ የተርበደበድሽ?»

«ሳቅህን ተውና ንገረኝ።»

«የአባጨጓሬ ቤት ነዋ። የዝግባው አባጨጓሬ። ልጅ ሆነሽ አንገትሽን አሳብጦሽ ቅቤ ሲቀቡሽ የሰነበቱት፣ ረሳሽው?»

«የዝግባ ከሆነ ወይራ ላይ ምን ይሠራል?»

«የሚበላው ዝግባ ነው። ሲጠግብ ይወርድና ቤቱን ባገኘው ላይ ይሠራል። ወይራውን የቆረጥኩት ከዝግባው ሥር ነው።»

«ዓይን የለህም?»

«መፋቂያ አምጣ አልሽ፣ አመጣሁ። ትል እንድለቅም አላዘዝሽኝ።»

ዝግባው ያለው ከመንደራችን በላይ፣ የአንድ ደግ ሼኽ ቀብር ዙሪያ ነው። ከዚያ ማንም እርጥብ አይቆርጥም፤ የወደቀ ይለቀማል፣ ከዳር ያለ ወይራ ይመለመላል፣ አለቀ። ሌላው ተራራ ሁሉ ተራቁቶ ያ ብቻ ጥቁር ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው። የቀብሩን ነገር ለማዳም አልነገርኳትም። እነሱ ዘንድ ቀብር ማክበር ኃጢአት ነው፤ ሌላ ጣጣ ያመጣል። «ከተራራ ነው፣ ከደጋ ጫካ። ትል ነው የሠራው፤ ወንድሜ ያውቀዋል» አልኳት።

«ወንድምሽ ምን ሊልሽ ኖሯል? ሲሕር ነው ሊልሽ?» አለችኝ። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወጥ ቤት መግባት ቀረ። ምግብ ከምግብ ቤት ይመጣል። የልጆቹን ልብስ ማዳም ራሷ ታጥባለች። ልጆቹ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ በግድግዳው ጥግ ጥግ ያልፋሉ፤ ያቺ ትንሿ ብቻ እናቷ ዞር ስትል መጥታ ቀሚሴን ትይዛለች። ካፊሌ እናቱ ክፍል ጠርቶኝ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ኹሩጅ ይወጣልሻል። ፖሊስ አልጠራም፤ ሙሽኪላ፣ ጣጣ አልፈልግም። በሰላም ወደ አገርሽ ትሄጃለሽ።»

እንደ ውለታ ነበር የነገረኝ፤ ውለታም ነበር። ለእኔ ግን ኹሩጅ፣ መመለሻ የሌለው የመውጫ ወረቀት፣ የልጄ ትምህርት ከመጨረሻው በር ላይ ተመለሰ ማለት ነው።

ያን ነገር ጣራ ላይ ወስዶ ቤንዚን አርከፍክፎ ሊያቃጥለው ነበር። የከለከለችው እናቱ ናት። በሶፍት ይዛ ጆሮዋ ላይ አስጠጋችውና «ይላወሳል» አለች። «ነፍስ አለው። ነፍስ ያለውን በእሳት የሚቀጣ የእሳት ጌታ ብቻ ነው።»

«ጂን ቢሆንስ?» አለች ማዳም ከበሩ ላይ ሆና።

«ጂን እንዲህ ጠባብ ቤት ምን አሳበደው? እሱ የሚወደው ሰፊ ነው፣ እንደ አንቺ ሳሎን።»

ማዳም አልሳቀችም። ሩቅያ የሚቀራ፣ ሲሕር የሚያስወጣ ሼኽ ጋ ደወለች። ሼኹ ለዑምራ መካ ነበር፤ በስልክ እንዲህ አለ ተባለ፦ አይቃጠል፣ አይቆረጥ፣ ብርጭቆ ውስጥ ይቀመጥ፣ የተቀራበት ውሃ ጠዋትና ማታ ይረጭበት፣ ስመለስ መጥቼ እከፍተዋለሁ። የእኔም መሄድ እስከዚያው ቆየ። እኔ ተስፋ ያደረግኩት ያን መክፈት ነው፤ ሲከፈት ትል እንደሆነ ያያሉ።

ጠሒና፣ የሰሊጥ ቅቤ፣ የነበረበት የብርጭቆ ማሰሮ ታጠበ። እንጨቱ ውስጡ ቆመ፣ አፉ በኡሚ ፋሻ ታሰረ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ማዳም በየቀኑ መጥታ ቢስሚላህ ብላ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ አንበሳ እንደምታጠጣ ሆና ውሃውን በፋሻው ላይ ትረጫለች። እኔ እንዳልነካው ተነግሮኛል።

አል አዳማ በሚባል ሰፈር የሴት ጸጉር ቤት ውስጥ ተደብቃ የምትሠራ አንዲት የአገሬ ልጅ አለች። ከአሠሪዎቿ ጠፍታ የወጣች ናት፤ ሁሩብ ተብላ ተመዝግባለች። ነገሩን ስትሰማ ደወለች።

«አንቺ፣ ዕቃሽን ያዢና ነይ። እኔ ጋ ቦታ አለ።»

«ሁሩብ ሆኜ?»

«እኛ አልሞትንም። እንሠራለን፣ እንበላለን።»

«ፖሊስ ባለፈ ቁጥር ሽንት ቤት ገብተሽ ትቀመጫለሽ እንጂ።»

«የሽንት ቤት በር ይሻላል፣ የቢራቢሮ ምሕረት ከመጠበቅ።»

«ቢራቢሮ አይደለም፤ የእሳት እራት ነው።»

«እንግዲያው ይበልጥ ሞኝ ነሽ። ለራሱ እሳት ውስጥ ዘሎ የሚገባ ነገር አንቺን ሊያወጣሽ?»

ስቄ ዘጋሁት፤ ሐሳቡ ግን እውነት ነበር የፈተነኝ። ያስቀረኝ አንድ ነገር ነው። ኹሩጅ ብወጣ ቢያንስ በእግሬ ወደ ልጄ እሄዳለሁ፤ ሁሩብ ሆኜ ብያዝ ግን እስር ቤት ቁጭ እላለሁ፣ የእሷም ዓይን እዚያ መንገድ ላይ ይቀራል።

ወጥ ቤት ሲዘጋብኝ ጊዜ ተረፈኝ። ኡሚ ደግሞ ጨዋታ ትወዳለች። ከዐስር ሶላት በኋላ ጋሪዋን መስኮቱ አጠገብ አቆማለሁ፣ እግሯን ሳሽላት «ዛሬስ ወንድምሽ ምን አለ?» ትለኛለች። ከወንድሜ የሰማሁትን፣ ከስልኬ ያነበብኩትን፣ ልጅ ሆኜ አይቼ የረሳሁትን ሁሉ አንድ ላይ እነግራታለሁ። እናቲቱ የእሳት እራት እንቁላሏን ቅርፊት ላይ በረድፍ ትለጥፋለች። ትሉ ሲፈለፈል ክር ነው፤ ሲያድግ ጣት ይወፍራል፣ ጀርባው ላይ የሚያሳክከውን ጸጉር ያበቅላል። በበዛበት ዓመት ዝግባው ላይ ቅጠል አይቀርም፣ እሳት የበላው ይመስላል፤ ከሥሩ የሚቀመጥ ሰው የለም፣ ጸጉሩ ይረግፍበታል። ሰው ዛፉ ሞተ ብሎ ያዝናል። ዝናብ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሌላ ወፍ የሚሸሸውን ጸጉራም ትል ጥርግ አድርጎ የሚበላ ወፍም አለ፤ እሱ ሲበዛ ትሉ ይቀንሳል።

«ቤቱንስ?» አለች ኡሚ።

«ሲጠግብ ይወርዳል። ቦታ ይመርጥና ከአፉ ክር እያወጣ ራሱን ይከባል። ጸጉሩን ከገላው ያራግፍና ከክሩ ጋር ይሸምነዋል፣ ጫፉን ወደ ውጭ። ወፍ እንዳይነካው።»

«የራሱን ጸጉር?»

«የራሱን ነው፣ ኡሚ። የሰው አይደለም።»

«ይህን ለልጄ ሚስት ንገሪያት።»

«ነግሬያታለሁ። ‹የማን ጸጉር እንደሆነ ሼኹ ያውቃል› አለችኝ።»

ኡሚ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች።

ከዚያ በኋላ ውስጥ ሆኖ ዝናብ ይጠብቃል፤ ዝናብ ካልመጣ ዓመትም ይቆያል። አንድ ነገር ብቻ ለኡሚ አልነገርኳትም። ወንድሜ እንዲህ ብሎኛል፦ «ከሁሉም እኮ የእሳት እራት አይወጣም። አባጨጓሬው ላይ ዝንብ እንቁላሏን ትጥልበታለች፤ ልጆቿ ከውስጥ በልተው ይጨርሱታል። እንደዚያ ካለው ቤት የሚወጣው የዝንብ መዓት ነው።»

«የእኔ የትኛው ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አንሺውና እዪው፤ ከከበደ ደህና ነው።»

ማንሳት አልተፈቀደልኝም። ሲላወስ የሰማችው ኡሚ ናት፤ የሚላወሰው ምን እንደሆነ ግን ማንም አላየም። ሼኹ መጥቶ፣ ሁሉም ቆሞ፣ ሲቀደድ ከውስጡ ዝንብ ሲተምም እያሰብኩ ሰነበትኩ። ያኔ የወንድሜም የእኔም ቃል ከንቱ ነው። ማሰሮውን ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። እንደነበረ ነው።

ሼኹ ሊመጣ ነው የተባለ ሰሞን፣ መስኮቱ ሁሉ ከውጭ ያላበው አንድ ከሰዓት፣ የኡሚን አንሶላ ልከት ገብቼ ማሰሮውን አየሁት። የቤቱ አንድ ጫፍ እርጥብ ሆኖ ጠቁሯል። አንሶላውን መሬት ላይ ተውኩና ሄጄ የኡሚን ጋሪ እየገፋሁ አመጣኋት። ለምን ማዳምን እንዳልጠራሁ ግልጽ ነው፤ ዝንብ ቢሆን ከኡሚ ጋር ባየው ይሻለኛል።

ጫፉ ከውስጥ ተገፋ። መጀመሪያ የመጣው እርጥብ ጸጉር ነው። ቀጥሎ እግር። ዝንብ ያለው እግር አይደለም፤ ሱፍ የለበሰ ወፍራም እግር ነው። ሆድ ሆድ የምትል አንዲት ነገር ተጎትታ ወጣች፣ ጀርባዋ ላይ የተጨማደደ እርጥብ ጨርቅ የሚመስል ነገር ተሸክማ። እንጨቱን ይዛ ወጣች፣ ፋሻው ላይ ደረሰች፣ ቁልቁል ተንጠለጠለች። ያ የተጨማደደው ነገር ቀስ እያለ ረዘመ፣ ረዘመና ክንፍ ሆነ። ቀለሙ ደረቅ ቅጠል ነው፣ መካከሉ ላይ ነጣ ያለ ጠመዝማዛ መስመር አለበት። ከተዘረጋ መዳፍ ይሞላል። ኡሚ ሱብሐነላህ ስትል ቆየች፤ እኔ ማጠቢያው ላይ ተደግፌ ነበር።

ማዳም የመጣችው ያኔ ነው፤ የማታውን ውሃ ልትረጭ፣ ጠርሙሱን ይዛ። ልክ እሷ ስትደርስ የእሳት እራቷ ቀላ ያለ ጠብታ ለቀቀች፣ ማሰሮው ግርጌ ላይ ተንጠባጠበ።

«ደም» አለች ማዳም።

«ደም አይደለም፣ ማዳም። ውስጥ ሆና ያጠራቀመችው ሽንት ነው። ሁሉም ሲወጡ እንዲህ ያደርጋሉ።»

አልሰማችኝም። ጎንበስ ብላ አየቻት። ፊቷ ቀስ በቀስ ሲፈታ አየሁ፤ እኔም ነገሩ አለቀ አልኩ።

«ወጣ» አለች።

«ምኑ?» አለች ኡሚ።

«ሲሕሩ። የተቀራበት ውሃ አስወጣው። አልሐምዱሊላህ።»

ካፊሌ ቪዲዮ ቀርጾ ለሼኹ ላከ። ሼኹ በድምፅ መለሰ፣ ሁላችንም ሰማን፦ ይህ ከአላህ ፍጡራን አንዱ ነው፣ ሲሕር አይደለም፣ መምጣትም አያስፈልገኝም። ማዳም ግን «አሁንማ አይደለም፤ ከወጣ በኋላ ነው ያየው» አለች። በአንድ ነገር እኔና እሷ አንድ ነን፤ ያስወጣት ውሃው ነው። ወንድሜ ዝናብ መስሏት ነው ይላል፣ ማዳም ቁርኣን ስለተቀራበት ነው ትላለች። እኔ የተቀራበትን ውሃ አላቃልልም፤ ዝናብም የአላህ ነው። ብቻ በእኔ ላይ የወረደው ነገር አልተነሳም። የተነሳው ከቤቱ ላይ ነው። ማዳም በእርጋታ፣ ምንም ቁጣ ሳይኖራት፣ «ምስኪን ናት፣ ሳታውቅ ይሆናል የተሸከመችው። ግን ከእጇ መብላት አልችልም» አለች ለባሏ፣ እዚያው ቆሜ እያለሁ።

ኡሚ ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቀች።

«ኸበር ላለችው ልጄ ደውሉላት» አለች። «ወደ እሷ ልሄድ ነው። እኔ ከዚህች እጅ በልቼ አልሞትኩም፤ ይዣት እሄዳለሁ። ኹሩጁን ተወውና በእህትህ ስም አዙራት።»

ካፊሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ደስ ያለው ይመስላል። «ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። በዚህ ቤት መፈለግ አለመፈለጌን የተጠየቅሁት ያን ቀን ነው። «እፈልጋለሁ» አልኩ።

ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ወደ ኡሚ ልጅ ስም እስኪዞር መልእክት ስንጠብቅ ማሰሮው እዚያው ነበር። ፋሻውን ፈትቼ ብለቃት ወዴት ትሄዳለች? እሷም አልቸኮለችም። ሲመሽ የሆዷን ጫፍ አውጥታ ትቀመጣለች፤ በዚያ ወንዱን በጠረን መጥራቷ ነው። ተራራው ላይ ቢሆን በአንቴናው አሽትቶ ከሩቅ ይመጣ ነበር። እዚህ ዝግባ የለም፣ ወንዱም የለም። ኡሚ አዘነችላት።

«ተምር አቅምሻት፤ ከተወለደች አልበላችም።»

«የሚበላ አፍ የላትም፣ ኡሚ። የበላችው ትል ሳለች ነው። አሁን ያንን ነው የምትጨርስ።»

«ሁሉን?»

«እስክታልቅ።»

ወንዱ ሳይመጣ እንቁላሏን ፋሻው ላይ ጣለች፣ በረድፍ፣ ወንድሜ እንዳለው። የማይፈለፈል እንቁላል ነው። አንድ ጠዋት ማሰሮው ግርጌ ወድቃ አገኘኋት፤ ክንፏ አልተቀደደም። ግቢው ውስጥ ከሬሐኑ ተክል ሥር አፈር ጫር አድርጌ ጣልኳት። ማሰሮውን ማዳም አስጣለችው።

መልእክቱ ሲደርስ የኡሚን መድኃኒትና የእኔን ሻንጣ ይዘን ኸበር ገባን። የካፊሌ እህት ልጅ የላትም፣ ሳቅ ትወዳለች፤ ገና በሩ ላይ «ጠንቋይዋ መጣች፣ እስቲ ባሌን ወደ ቤት የሚመልስ ነገር አለሽ?» አለችኝ። ባሏ ከኋላዋ ቆሞ ነበር፣ አብሮ ሳቀ። ያን ቀን ወጥ ቤት ገባሁ። የልጄ ዓመት ተጀመረ፤ አሁን ሆስፒታል ውስጥ ልምምድ ላይ ናት፣ ነጭ ጋውን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ኡሚ ስልኬን እየተቀበለች ለእንግዳ ታሳያለች።

ማዳም ልጆቹን ይዛ አንዳንድ ጁምዓ ኡሚን ልትጠይቅ ትመጣለች። ታቅፈኛለች፣ ስለ ልጄ ትጠይቀኛለች። ባለፈው ስትመጣ ከብሳ፣ ሩዝ በሥጋ፣ ሠርቼ አቀረብኩ። ልጆቹ በሉ፣ ትንሿ ድጋሚ አስጨመረች። እናቷ ትከለክላታለች ብዬ ነበር፤ አልከለከለቻትም፣ ወደ መስኮቱ ዞራ ተቀመጠች። ራሷ ግን ሻይዋን ከቤቷ በፔርሙስ ይዛ መጥታ እሱን ስትጠጣ አመሸች። ሲነሱ ፔርሙሱን ወስጄ አጠብኩት፣ አደረቅሁት፣ ክዳኑን ገጥሜ በሩ ላይ ሰጠኋት። ተቀበለችኝና «አላህ ዓፊያ ይስጥሽ» አለችኝ፤ ለሠራ ሰው የሚባለው ነው።